በራን ያስረዘምኩበት ቀን

እኔ በሕይወቴ አንድ ተራራ አስረዝሜአለሁ። ጉራ እንዳይመስላችሁ፤ በቦታው የነበሩ ሰዎች አሉ። ድንጋይ አልጨመርኩበትም፣ አፈር አልከመርኩበትም፤ በምላሴ ብቻ ነው። ከምሳ በፊት ከጎረቤቱ ያጥር የነበረው ተራራ ከምሳ በኋላ በመንዝ ምድር ወደር የሌለው ሆነ። ጎረቤቱም ከዚያ ሰዓት ጀምሮ በመንግሥት ደረጃ አጭር ነው።

ያን ጊዜ መሐል ሜዳ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበርኩ። ከአዲስ አበባ ስመደብ «ለጊዜው ነው» ብለውኝ ነበር። የመንግሥት «ለጊዜው» ምን ያህል እንደሚረዝም የደረሰበት ያውቀዋል። ዝውውር እጠይቃለሁ፣ «ይታያል» እባላለሁ። ብርዱ አጥንት ድረስ ይገባል፤ ጠዋት ጠዋት ጠመኔ የሚይዙት ጣቶች የእኔ መሆናቸውን የማውቀው በዓይኔ አይቼ ነበር። ከመንዝ በፍጥነት የለመድኩት ነገር ቢኖር የገብስ ጠላውን ነው። የቀረውን ሁሉ ጥዬው ለመሄድ አንዲት ወረቀት ብቻ እጠብቅ ነበር።

አገሩን ለማታውቁት ላስረዳ፤ መቼም አስተማሪ ካላስረዳ አይሆንለትም። በመንዝ ምሥራቃዊ ዳር ሜዳው እየተነሣ፣ እየተነሣ ይሄድና ድንገት ያልቃል። ከዚያ ወዲያ ገደል ነው፤ ከገደሉ ሥር ቆላው። በዚህ ጠርዝ ላይ የሚወርደው ዝናብ ወደ ምዕራብ የፈሰሰው ዓባይ ይገባል፣ ወደ ምሥራቅ የፈሰሰው አዋሽ። በጠርዙ ላይ ሁለት ራሶች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ጥቁር ራስ ይባላል፤ ከወገቡ እስከ አናቱ አስታ የሚሉት ዛፍ ስለሸፈነው ነው። ጉም ሲጠጣ የኖረ አስታ ግንዱ ላይ ነጭ ጺም ያበቅላል። ዝቅ ብሎ በገደሉ በኩል ኮሶና ጽድ አለ። ሁለተኛው ራስ በራ ነው። ስሙ እንደሚነግራችሁ አናቱ ላይ ከድንጋይና ከጓሳ ሣር በቀር ምንም የለም። ረጅሙ ጥቁር ራስ ነው። ይህን ለማወቅ ጂኦግራፊ መማር አያስፈልግም፤ ዓይን ይበቃል፣ እሱም አንዱ።

የጥቁር ራስ ደን ባለቤት የሌለው ደን አልነበረም። አገሬው ከአያት ከቅድመ አያት ጀምሮ ሲዘጋውና ሲከፍተው የኖረ ነው። ሽማግሌዎች በቤተ ክርስቲያን ደጅ ተሰብስበው «ተዘግቷል» ካሉ፣ ካህኑም መስቀላቸውን አንሥተው ከገዘቱ፣ እስኪከፈት ድረስ እንኳን ዛፍ ሊቆርጥ ጭራሮ ሊለቅም የሚገባ የለም። ሲከፈት ደግሞ ሁሉም እኩል ይገባል። አብዮቱ መጣና ይህን ሥርዓት «የፊውዳል ርዝራዥ» ብሎ ሻረው፤ ደኑ የሰፊው ሕዝብ ነው ተባለ። ሰፊው ሕዝብም አጨበጨበ፤ ቤቱ ከገባ በኋላም ደኑን እንደ ድሮው ዘጋው።

እንግዲህ ጓድ ግርማቸው የመጣው በዚህ መሐል ነው። የአካባቢያችን ካድሬ ነበር። ጌታና ሎሌ እኩል ሆነዋል በማለት «እርስዎ» የሚባለውን ቃል ለሽማግሌም ለቄስም ከልክሏል። ስለዚህ እኔም ዛሬ «እሳቸው» ሳልል «እሱ» እያልኩ ሳወራችሁ ፈቃዱን መፈጸሜ ነው። ለመስከረሙ የአብዮት በዓል አንድ ሐሳብ መጣለት፦ በጥቁር ራስ ጫፍ ላይ ቀይ ባንዲራ ይተከላል፤ ከዚያ ዘማቹ ወጣት መጥረቢያ ይዞ ይወጣና ባንዲራው ከመሐል ሜዳ ገበያ እንዲታይ በዙሪያው ያለውን ደን ይመነጥራል፤ ግንዱም ለአዳራሽ ይሆናል። ባንዲራው በቆመበት ዛፍ አይቆምም ማለት ነው።

ትምህርት ቤት ድረስ መጥቶ፣ «ኮምፓስ ያለው አንተ ነህ አሉ» አለኝ።

«አለ፣ ጓድ። አንዳንዴም ይሠራል።»

«ከኛ ጋር ትወጣለህ። ጫፉ ትክክለኛው ጫፍ መሆኑን በሳይንስ ታረጋግጣለህ። ዝውውርህንም አስብበታለሁ።»

ለዝውውር ብሎ የማይወጣው ተራራ የለም፤ እኔም ወጣሁ።

መንገድ መሪ እንዲሆኑ የተመረጡት አያ ደምሴ ነበሩ። በድሮው ሥርዓት የደኑ ጠባቂዎች አለቃ የነበሩ፣ ቀጭን፣ ረጅም፣ አንደበታቸው የሚዋጋ ሽማግሌ። ጓድ ግርማቸው ሆን ብሎ ነው የመረጣቸው፤ «የፊውዳሉ ዘበኛ ራሱ በሩን ይክፈትልን» እያለ ይስቃል። አራተኛው ሰው ሚሊሻው በቀለ ነበር፤ የአያ ደምሴ የመንደር ልጅ ነው። በአንድ ትከሻው ጠመንጃ፣ በሌላው የባንዲራውን እንጨት ተሸክሟል። ሁለቱ ሲጋጩበት የትኛውን እንደሚያስቀድም ግራ ይገባዋል።

ከተራራው ሥር ካለው መንደር ጠዋት ተነሣን። የገብሱን ማሳ አልፈን ጓሳው ውስጥ ገባን። ረጅሙ ሣር በጤዛ ሱሪያችንን እስከ ጉልበት አራሰው። አያ ደምሴ ከፊት፣ ጓድ ግርማቸው ከኋላቸው። እሱ ይጠይቃል፣ እሳቸው ይመልሳሉ።

«ጫፉ ሩቅ ነው?»

«ለሚሄድ ሰው ምን ሩቅ አለ ጌታዬ?»

«ጌታዬ የለም፣ ጓድ በለኝ! በየት በኩል ነው የሚወጣው?»

«እግር ላለው ሰው መንገድ ይጠፋዋል?»

«ዝናብ ይመጣል?»

«የእግዜርን ሥራ ማን ያውቃል?»

ሽማግሌው የሚመልሱት ሁሉ ጥያቄ መሆኑን ልብ ያልኩት ያኔ ነው። አገር ወዳድ ሰው ስለ ተራራው ሲጠየቅ አፉን ሞልቶ ይናገራል እንጂ እንዲህ አይቆጥብም። በዚያ ዘመን ልብ ያሉትን ነገር ለራስ መያዝ የጤና አጠባበቅ ክፍል ነበር።

ከሁለቱ ራሶች መሐል ካለው ኮርቻ ስንደርስ ጉሙ ከቆላው ተነሣ። የዚያን አገር ጉም የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ይመጣል አይባልም፣ ድንገት አለ። መጀመሪያ ገደሉ ጠፋ፣ ከዚያ ተራሮቹ፣ ከዚያ የበቀለ ጠመንጃ፣ ከዚያ በቀለ። ከኮርቻው መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ በስተግራ ሰሜን ጥቁር ራስ፣ በስተቀኝ ደቡብ በራ። አያ ደምሴ ወደ ቀኝ ታጠፉ።

ኮምፓሴን አወጣሁ። እንደ አጋጣሚ የሚሠራበት ቀን ነበር። ጓድ ግርማቸው ጫማውን ሊያስር ጎንበስ ሲል ወደ ሽማግሌው ጠጋ አልኩና፣ «አያ ደምሴ፣ ወደ ግራ አልነበረም እንዴ?» አልኩ በሹክሹክታ።

እጄን ከነኮምፓሱ ጨበጡት። «ማን ነው ግራ ያለህ?»

«ይሄ።»

«እንግዲያው ንገረው፣ ዝም ይበል።» ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አሉ። «ስማኝ አስተማሪ። ግራው ተዘግቷል። መስቀል ተነሥቶበታል። እኔ ነኝ ከሽማግሌዎቹ ጋር እጄን መስቀሉ ላይ አድርጌ የማልኩት። ዛሬ ሰው መርቼ ብገባ፣ ነገ መጥረቢያ ይከተለኛል። ደኑም ያልቃል፣ እኔም እረገማለሁ።»

«ቢደርስበትስ? ይገድልዎታል እኮ!»

«አልዋሸሁትም። እስካሁን አንድ ውሸት ሰማህ ከአፌ?»

አስታወስኩ። እውነትም አንድ አልነበረም።

«እንግዲያው ዝም ብለህ ውጣ» አሉኝ፤ ወጣሁ። በዚያ ዘመን «ለጥቂት ጥያቄ ትፈለጋለህ» የተባለ ሰው ስንቅ ይቋጠርለታል እንጂ ምሳ አይቀመጥለትም። አያ ደምሴ በዚህ ጉም ውስጥ የሚጫወቱት በነፍሳቸው ነው። አሁን ደግሞ እኔም ስላወቅሁ፣ በእኔም ነፍስ ነው።

አናቱ ላይ ደረስን። ዙሪያው ነጭ ነው።

«ይሄ ነው ጫፉ?» አለ ጓድ ግርማቸው እያለከለከ።

«ከዚህ ወዲያ ሽቅብ አለ ጌታዬ?»

ወዲህ ሄዶ፣ ወዲያ ሄዶ በእግሩ ዳበሰ። እውነት ነው፣ ሽቅብ የለም። «ደኑስ የታለ?»

«በዚህ ጉም ምን ይታያል ብለው ነው?»

«ይሁን!» አለ። «ባንዲራውን አምጣ፣ በቀለ!»

የአገሩ ሰው ጉም ሲይዘው አንድ ልማድ አለው፤ ባለበት ይቀመጣል። ጋቢውን ተከናንቦ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ እየተጣራ፣ ጉሙ እስኪነሣ ከመቀመጫው አይነቃነቅም። አያ ደምሴም ተቀመጡና፣ «ይቀመጡ ጌታዬ፣ ይህ ቦታ ጠርዝ አለው» አሉ። ያን ቀን ለእሱ የተናገሩት የመጀመሪያው ጥያቄ ያልሆነ ቃል ነበር።

«አብዮት አይቀመጥም!» አለ ጓድ ግርማቸው። «ተፈጥሮን በቁጥጥራችን ሥር እናውላለን ስንል ጉም ፈርተን ልንቀመጥ ነው? ቆላውም እንዲያየው ዳሩ ላይ ነው የምንተክለው።» የባንዲራውን እንጨት ከበቀለ ተቀብሎ ወደ ምሥራቅ መራመድ ጀመረ። እየተራመደም ንግግሩን ይለማመዳል፤ «ይህ ጫፍ» ይላል፣ «የጭቁኑ ሕዝብ ጫፍ ነው።» ድምፁ ይሰማል፣ እሱ አይታይም።

«ቁም!» ብለው አያ ደምሴ ጮኹ።

ሲነሡ አላየኋቸውም። የሰማሁት የድንጋይ መንሸራተት፣ አንድ የታፈነ ጩኸት፣ ከዚያም የወደቀ ሰው ድምፅ ነው። ተንበርክኬ በእጄ እየዳበስኩ ተጠጋሁ። ሽማግሌው በሆዳቸው ተኝተዋል፤ በሁለት እጃቸው የያዙት የጓድ ግርማቸውን ቀበቶ ነው። የእሱ ግማሽ አካል ተራራው ላይ ነው፣ ግማሹ የለም። እግራቸውን ያዝኩ፣ በቀለ እኔን ያዘ፣ ጎተትነው። ከእጁ ያመለጠ አንድ ድንጋይ ወደ ታች ሄደ። መሬት ሲነካ እንሰማለን ብለን ጠበቅን፤ አልሰማንም።

አንባቢ ሆይ፣ እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። እጃቸውን ባይዘረጉ ኖሮ ነገሩ ሁሉ እዚያው ያልቅ ነበር። ባንዲራ የለም፣ መጥረቢያ የለም፣ ጥያቄ የለም፤ ጥፋቱም የጉሙ ነው። እኔ በእሳቸው ቦታ ብሆን ኖሮ ሳስብ የሚያልፈው ደቂቃ ብቻ እሱ ገደል ለመግባት ይበቃው ነበር። እሳቸው ግን አላሰቡም።

በዚህ ቅጽበት ጉሙ ተነሣ። ለመነሣት እንደዚያ የከፋ ሰዓት አልነበረም። ፀሐይ ወጣች፣ ቆላው ከሥራችን ተዘረጋ። በስተሰሜን ደግሞ ጥቁር ራስ ከነደኑ፣ ከነጺሙ፣ ቁልቁል እያየን ቆሞ ነበር።

ጓድ ግርማቸው መጀመሪያ ገደሉን አየ፣ ቀጥሎ የቆመበትን መላጣ ድንጋይ፣ ቀጥሎ ያንን ተራራ። ፊቱ ላይ ደም አልነበረም። «ያ ምንድን ነው?» አለ።

በቀለ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ አያ ደምሴ አየን።

«ያ ምንድን ነው አልኩ! ከዚህ ይረዝማል። ደኑ እዚያ ነው!» እጁ ወደ ሽጉጡ ሄደ። «አንተ አድኃሪ! ሆን ብለህ ገደል ልትከተኝ ነው ያመጣኸኝ!»

ከገደል ያወጡት ሰውዬ ገና አፈራቸውን ሳያራግፉ ገደል ሊከቱት የመጡ ሆኑ። በቀለ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ፤ ወዴት እንደሚያዞረው ግን አላወቀም፣ ወደ ሰማይ ያዘው።

«መምህር!» አለኝ ጓድ ግርማቸው። «አንተ የሳይንስ ሰው ነህ። የቱ ነው የሚረዝመው?»

አስቡት። «ያኛው» ብል ሽማግሌው ሞቱ፣ ደኑም በሳምንቱ ወደቀ። አፌን ስከፍት ምን እንደምናገር አላውቅም ነበር። መናገር ግን ሥራዬ ነው፤ ምንም ሳላውቅ ሙሉ ክፍለ ጊዜ የተናገርኩበት ቀን ሞልቷል።

«ይሄኛው» አልኩ።

«ምን?»

«ጓድ፣ የምታየው የታወቀ የዓይን ስሕተት ነው። በከፍታ ቦታ አየር ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ብርሃን ይታጠፋል። ብርሃን ሲታጠፍ ራቅ ያለው ነገር ሽቅብ የተሳበ ይመስላል፤ በተለይ ጉም እንደተነሣ። ስለዚህ ያኛው ከኛ ከፍ ብሎ መታየቱ ራሱ፣ እኛ ከፍ ያለው ቦታ ላይ ለመቆማችን ማስረጃ ነው።»

ጓድ ግርማቸው ዓይኑን ጠበብ አድርጎ ጥቁር ራስን አየው። ተራራውም ምንም ሳያፍር ቆሞ ያየዋል።

በቀለ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ያኛው ላይ ሆነን ይሄን ብናየውስ?» አለ።

«ያኔ ደግሞ ይሄ ከፍ ብሎ ይታያል» አልኩት።

«ለምን?»

«ከፍ ስላለ!»

በቀለ ራሱን ነቀነቀ። በሕይወቴ እንደዚያ በፍጥነት የገባው ተማሪ አላጋጠመኝም።

«ዲያሌክቲካዊ ነው!» አለ ጓድ ግርማቸው፤ ፊቱ ደም ተመለሰለት። እንደ ገባኝ ከሆነ ማመን ይፈልግ ነበር። ወርዶ ሌላ ተራራ መውጣት፣ ያውም አሁን ካየው ገደል አጠገብ፣ ማንንም አያሰኝም። ግን አልጨረሰም። ወደ አያ ደምሴ ዞረ። «አንተስ? ተወልደህ ያደግክበት ነው። በአፍህ ተናገር፤ በጥያቄ ሳይሆን። የቱ ይረዝማል?»

ሽማግሌው ከጋቢያቸው ላይ አፈሩን አራገፉ።

«ተናገር!»

በዓይኔ ለመንኳቸው። አንዲት ቃል ናት፣ አልኳቸው በዓይኔ፣ በሉና እንውረድ። ወደ ጥቁር ራስ ተመለከቱ፣ ወደ ሽጉጡ አልተመለከቱም።

«ይሄኛው» አሉ፤ ድምፃቸው ለኔም በጭንቅ ተሰማኝ።

ጠርዙ ላይ ወድቆ ያገኘነውን ባንዲራ በድንጋይ ክምር ተከልን። ጓድ ግርማቸው ንግግሩን ከመጀመሪያው ጀመረ፣ ተራራውን «የአብዮት ጫፍ» ብሎ ሰየመው፣ እኛም አጨበጨብን። ስንወርድ ደስታ በደስታ ሆኜ ነበር። ሰው አትርፌአለሁ፣ ደን አትርፌአለሁ፣ ዝውውሬም ደርሷል። አያ ደምሴ ከኋላ ቀርተው ነው የወረዱት።

የቀረውን አገር ያውቀዋል። ዘማቾቹ መጥረቢያቸውን ስለው ወጡ፣ ባንዲራውን መላጣ ድንጋይ ላይ አገኙት፣ መዝሙር ዘምረው ወረዱ። «በአብዮት ጫፍ ዙሪያ አንድም የቆመ ዛፍ የለም» የሚል ሪፖርት ቀረበ፤ እውነት ነበር። በራ ደግሞ ከመሐል ሜዳ አይታይም፣ ጥቁር ራስ ይጋርደዋል። በበዓሉ ቀን ጓድ ግርማቸው በገበያው መሐል መድረክ ላይ ቆሞ «ባንዲራችን ይታያችኋል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ሕዝቡ በአንድ ድምፅ «ይታየናል!» አለ። አንድ ጥግ ላይ የቆመ ዓይነ ስውር ለማኝም «ይታየናል» ብሏል። ዝውውሬስ? ጓድ ግርማቸው በሳይንሴ በጣም ስለኮራ «እንዲህ ያለ ምሁር ከዚህ አውራጃ መውጣት የለበትም» ብሎ አስቀረልኝ።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ኖሮ ለጠላ ቤት ወግ ይበቃ ነበር፤ እኔም ለተወሰነ ጊዜ አውርቼዋለሁ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ።

ገብስ ታጭዶ ከገባ በኋላ አንድ የገበያ ቀን የአያ ደምሴን ባለቤት እትዬ አሰለፈችን አገኘኋቸው። የበግ ፀጉር ይሸጣሉ። ልስማቸው ስጠጋ ጉንጫቸውን አልሰጡኝም።

«አዳንኩት እያልክ ታወራለህ አሉ» አሉኝ። «መጥተህ ያዳንከውን እየው።»

በሚቀጥለው እሑድ ሄድኩ። ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቅዳሴ ላይ ነው። አያ ደምሴ ከአጥሩ ውጭ ካለች የወይራ ዛፍ ሥር፣ ነጠላቸውን አደግድገው፣ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አድርገው ብቻቸውን ቆመዋል።

«አያ ደምሴ፣ ምነው ውጭ ቆሙ?»

«አፌ ቆሽሿል» አሉኝ።

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ልስቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። «ለዚያች ለአንዷ ቃል? እኔ ነኝ እኮ የዋሸሁት! እርስዎ የኔን ነው የደገሙት።»

ዞረው አዩኝ። ቁጣ አልነበረባቸውም፣ እሱ ነው የከፋው። «አንተማ ደሞዝተኛ ነህ ልጄ። ደሞዝተኛ የተናገረውን ማን ይቆጥርበታል? የተባልከውን ትላለህ፣ ነገ ሌላ ስትባል ሌላ ትላለህ። እኔ ግን በዚህ አገር ሰው ሲጣላ 'ደምሴ ይናገር' የምባል ሰው ነኝ። መሬት ብትል የለኝም፣ ከብት ብትል የለኝም። አፍ ነበረኝ።» ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ መለሱ። «ባለፈው ሁለት ወንድማማቾች በወሰን ተጣሉና ጠሩኝ፤ ድንጋዩ የቱ ጋ እንደነበር የማውቀው እኔ ነኝ። አልሄድኩም። ተራራ ያሳነሰ ሰው የድንጋይ ምስክር ይሆናል? አሁን በዱላ እየተፈላለጉ ነው።»

ያን ሁሉ ሳይንስ የተናገረ አፍ አንዲት ቃል አጣ። ለኔ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት፤ ተናግሬአት ምሳዬን በልቻለሁ። እሳቸው ግን ደናቸውን፣ መሐላቸውንና የጠላታቸውን ነፍስ ሳይቀር ጠብቀው ሲያበቁ፣ ለራሳቸው የቀረቻቸውን አንዲት ነገር በእኔ ምክር ሰጥተዋል። በጣም አፈርኩ፣ አዘንኩም። ሌላ የማደርገው ስላጣሁ ቅዳሴው እስኪያልቅ አጠገባቸው ቆምኩ።

ካህናቱ ሲወጡ ሰው ለሰንበቴ ተሰበሰበ። በየእሑዱ ተራው የደረሰው ዳቦና ጠላ ያመጣል፣ ምእመኑ በአጥሩ ሥር ተቀምጦ ይቀምሳል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ከፊት ተቀምጧል፣ በቀለም ከነጠመንጃው አለ። አያ ደምሴ ከወይራው ሥር ሆነው ድንገት ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ።

«ወገኖቼ! በክረምቱ መውጫ በራ አናት ላይ ቆሜ፣ በራ ከጥቁር ራስ ይረዝማል ብያለሁ። ዋሽቼ ነው። ረጅሙ ጥቁር ራስ ነው። በሰው ፊት ያልኩትን በሰው ፊት ከአፌ አውጡልኝ።»

ሽክና ይዞ የነበረ ሁሉ እንደያዘ ቀረ። ማንም ወደ እሳቸው አላየም፤ ሁሉም ያየው ወደ ሊቀ መንበሩ ነው። ያን ቃል ለጓድ ግርማቸው አንድ ሰው ቢያደርሰው ባንዲራው ከነሪፖርቱ፣ ከነጭብጨባው ይፈርሳል፤ አያ ደምሴም፣ እኔም ስንቅ ይቋጠርልናል። እግሬ ሽሽ፣ ሽሽ አለኝ።

«አስተማሪ» አሉኝ ሽማግሌው፣ «አንተም ነበርክ።»

ውሸቱን ስናገር አንዴም አልተንተባተብኩም ነበር። አሁን ግን «ጥ» ብዬ ቀረሁ። እንደገና ሞከርኩ። «ጥቁር ራስ ነው» አልኩ በመጨረሻ፤ «በራ አጭር ነው።»

በቀለ ተነሣ። ጠመንጃውን አጥሩ ላይ አስደገፈና፣ «እኔም ነበርኩ፣ አጨብጭቤአለሁ» አለ።

ሊቀ መንበሩ ሽክናውን ለረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ራሱን ቀና አድርጎ፣ «ምነው ጠላው አለቀ እንዴ?» አለ። «ለአያ ደምሴ ቅዱላቸው እንጂ!»

ከዚያ ሰንበቴ አንዲትም ቃል አልወጣችም። ባንዲራውን ነፋስ በጫጭቆ ጨረሰው፣ ጓድ ግርማቸው ሌላ አውራጃ ሄዶ ሌላ ተራራ ላይ ወጣ፣ ደኑም በጊዜው በሽማግሌዎቹ ቃል ተከፈተ፣ ተዘጋም። እኔ ዝውውር መጠየቅ ተውኩ። ከአያ ደምሴ ርቄ ብሄድ የተባልኩትን የምል ሰው ሆኜ እንዳልቀር ፈርቼ ነው፣ እውነቱን ለመናገር። ወዳጆቼ፣ ሰው ለማዳን የዋሸሁትን ውሸት ዛሬም ቢመጣ እዋሸዋለሁ። ግን «ምን አለበት፣ አንዲት ቃል ናት» ብላችሁ ሌላውን ሰው ስታሳምኑ፣ ቃሏ ለእሱ ስንት እንደምታወጣ መጀመሪያ ጠይቁት።

በሳምንቱ ሁለቱ ወንድማማቾች አያ ደምሴን አስጠሩ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ሁለቱም ከነዱላቸው በማሳው ግራና ቀኝ ቆመዋል፣ ሚስቶቻቸው ያለቅሳሉ። ሽማግሌው በማሳው መሐል ቀስ ብለው ሄዱ፣ አንድ ቦታ ቆሙ፣ አፈሩን በዱላቸው ጫፍ ነካ አደረጉና፣ «እዚህ ጋ ነበር» አሉ። ታላቅየው ዱላውን ጥሎ ድንጋይ ሊያመጣ ሄደ።